የጅማና የአካባቢዋ የቡና ከተሞች መስፋፋት በሳተላይት ምስል ሲመረመር

የአንድ ከተማ እድገትና የአካባቢው ደን መመናመን ለብዙ ዘመን ሲታወቅ የቆየው በሽማግሌዎች ትውስታ፥ በመንገደኞች ጽሑፍና በግብር መዝገብ ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ላንድሳት የተባለችው የመጀመሪያዋ የአሜሪካ የመሬት ቅኝት ሳተላይት ከመጠቀች ወዲህ ግን አንዱን ሥፍራ በየዘመኑ ከሰማይ እያዩ ማነጻጸር ተችሏል።

ሆኖም የጅማ ታሪክ ከሳተላይት ይቀድማል። ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ የነበረው የሂርማታ ገበያ ለከተማዋ መሠረት ሆነ፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራም ጅማ የአስተዳደር ማእከል ተደረገች። አጋሮን የመሳሰሉት ከተሞችም ከቡና ንግድ ጋር አደጉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምስል የለውጡን መነሻ ሳይሆን አጋማሹን ያሳያል።

የምስሉ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ለምለም ቅጠል ለዓይን የማይታይ ጨረር አብዝቶ ስለሚያንጸባርቅ ከቆርቆሮ ጣሪያና ከባዶ መሬት ይለያል። በመጀመሪያ የምስሉ አንዲት ነጥብ 80 ሜትር ያህል ጎን ያለውን መሬት ትወክል ነበር፤ ከ1974 ዓ.ም. ወዲህ 30 ሜትር፥ በ2007 ዓ.ም. በመጠቀችው የአውሮፓ ሴንቲኔል ደግሞ 10 ሜትር ደረሰ። ክረምቱ ደመናማ በመሆኑ በአብዛኛው የሚመረጠው የበጋ ምስል ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን የታረሰ ማሳ እንደ ከተማ ዳርቻ መስሎ ሊያሳስት ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው የቡናው ጉዳይ ነው። የጅማ ቡና የሚበቅለው በዋንዛ፥ በሰሳና በብሳና ጥላ ሥር ስለሆነ የቡና ማሳ ከላይ ሲታይ ደን ይመስላል። ገበሬው ምርት ለማብዛት ሥር ሥሩን ሲመነጥር የዛፍ ችግኞችም አብረው ይጠፋሉ፤ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ አይኖረውም። ሳተላይቱ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አረንጓዴ ያሳያል። ባሕር ዛፍና ጫትም እንዲሁ አረንጓዴ ናቸው።

እንግዲህ ምስሉ የከተማን መስፋፋት በጉልህ ይመሰክራል እንጂ የደንን ጤንነት ብቻውን አያረጋግጥም። አረንጓዴውን ሁሉ ደን ብሎ የሚቆጥር እቅድ ጥፋቱን የሚያውቀው ጥላው ከተገፈፈ በኋላ ነው። ስለሆነም የምስል ጥናት ከዛፎቹ ሥር ወርዶ ችግኝ በሚቆጥር ተመራማሪና አገሩን በሚያውቅ ገበሬ ቃል ሊደገፍ ይገባዋል።