ካዱ፦ የስዊድን ዕርዳታ በጭላሎ

ካዱ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላን መቀመጫው አድርጎ የተቋቋመ የገጠር ልማት ፕሮጀክት ነው። ስዊድን ያን ጊዜ የውጭ ዕርዳታዋን በየአገሩ ከመበተን ይልቅ ለተመረጡ ጥቂቶች ታውል ነበር፤ ኢትዮጵያ ከእነዚያ አንዷ ስትሆን፣ በኢትዮጵያም ውስጥ የአርሲው ጭላሎ አውራጃ ብዙውን ትኩረት አገኘ። ለየትኛው አካባቢ ስንት ገንዘብ ዋለ የሚለው ሰንጠረዥ ግን ውጤቱን አያሳይም። የአርሲ ታሪክ እንደሚመሰክረው ውጤቱን የወሰነው የብሩ መጠን ሳይሆን ብሩ የገባበት የመሬት ሥሪት ነው።

ካዱ የታሰበው ለአነስተኛ ገበሬና ለጭሰኛ ነበር። በኢተያና በአሰላ መካከል ባለው ቁሉምሳ የስንዴ ዝርያ ተፈተሸ፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ታደለ። እ.ኤ.አ. በ1968 ሁለት መቶ የማይሞሉት ተበዳሪዎች በ1971 ከ14,000 በላይ ሆኑ። ሆኖም ጭሰኛው ማዳበሪያ ለመውሰድ ባለመሬቱ የፈረመበት የኪራይ ውል ማቅረብ ነበረበት፤ ባለመሬቱ አልፈርምም ካለ ዱቤው ቀረ። ምርቱ ሲበዛ የባለመሬቱም ድርሻ በዛ፣ መሬቱም ተፈላጊ ሆነ። በሰሜን ጭላሎ ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ባለመሬቶች ጭሰኛውን ከነቤተሰቡ እያስነሡ በትራክተር ማረስ፣ በኮምባይነር ማጨድ ያዙ።

ማፈናቀሉ የካዱ ጥፋት አይደለም፣ ትራክተሩን ከቀረጥ ነፃ ያስገባው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነው የሚል መከራከሪያ አለ። እውነት ነው፤ ስዊድኖችም የጭሰኝነት ሕግ እንዲሻሻል ወትውተዋል፣ ረቂቁ ግን ፓርላማ ውስጥ ሳይጸድቅ ቀረ። ይሁንና ሕጉ ሳይወጣ ዕርዳታው ቀጠለ። ገንዘብ ሰጪው ያለውን ትልቁን መደራደሪያ ሳይጠቀምበት አለፈ ማለት ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ደግሞ ከመሬቱ የተነሣው ሰው ነው።

ታዲያ ገንዘቡ ባይመጣ ይሻል ነበር? አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1975) የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ጭሰኛው ከኪራይ ነፃ ወጣ፤ ፕሮጀክቱም አርዱ ተብሎ ወደ መላው አርሲ ሰፋ። ያው ዘርና ያው ማዳበሪያ አሁን የባለመሬት ፊርማ ሳይጠይቅ ለአራሹ ደረሰ፤ በኋላ በመንግሥት የተጣለው የእህል ኮታ ግን ከምርቱ የሚያገኘውን ጥቅም መልሶ አሳነሰበት። ቁሉምሳ ዛሬም የአገሪቱ የስንዴ ምርምር ማዕከል ነው።