በሸራ ላይ የታተመ የድሮ ፎቶግራፍና የራያ ቆላ

በዛሬው ዘመን የድሮ ፎቶግራፍን አጉልቶ በሸራ ላይ ማሳተም፥ በእንጨት ወጥሮም በግድግዳ መስቀል የተለመደ ሆኖአል። ማተሚያው ቀለሙን እጅግ በደቀቁ ነጠብጣቦች በጨርቁ ላይ ስለሚረጨው፥ የመዳፍ ያህል የነበረው ሥዕል የበር ያህል ቢጎላም ከሩቅ ለሚያየው ያምራል። በውጭ አገር በዚህ ዓይነት ታትመው ከሚሸጡት መካከል የድሮ የምርጫ ቅስቀሳ ሥዕሎች ይገኛሉ፤ ለምሳሌ ጆን ኬኔዲ በ1960 እ.ኤ.አ. ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ የተነሡአቸው ፎቶግራፎች ናቸው። የእኛ አገር የቅስቀሳ ሥዕልስ የትኛው ነው? ቢባል፥ መልሱ ከዚሁ ከራያ ቆላ የራቀ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ምርጫው ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት እንደራሴዎችን ይመርጡ የነበሩት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ ግን 21 ዓመት የሞላው ሁሉ፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ የሕግ መምሪያ ምክር ቤትን አባላት እንዲመርጥ ተፈቀደ። ምርጫውም በ1950 ዓ.ም. መስከረም ወር ተደርጎ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። የፖለቲካ ፓርቲ ስላልነበረ እጩው የሚቀርበው በግሉ ነበር፤ ለመቅረብም 1000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር ራያና ቆቦ ይባል በነበረው አውራጃ፥ ይህን ያህል ሀብት የሌለው ገበሬ መምረጥ እንጂ መመረጥ አይፈቀድለትም ነበር። ፊቱ በቅስቀሳ ሥዕል ላይ የሚወጣበት ምክንያትም አልነበረም።

ይሁን እንጂ ወጣ።

የቆላችን ገበሬ ረዥሙን ማሽላ የሚዘራው በበልግ ዝናብ ነው። በ1965 ዓ.ም. በልጉ ቀረ፤ ከዚያ በፊት የነበረውም ክረምት ደኅና አልነበረም። ራያና ቆቦ እጅግ ከተጎዱት አውራጃዎች አንዱ ሆነ። ሰው በሬውን ሸጠ፤ የሚሸጠው ሲያልቅበት ልጆቹን ይዞ ወደ አስመራው መንገድ ወጣ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፥ በዚያን ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የዚያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አገር የወጣ እህል ነበር። እህል በአገሩ ሳይጠፋ የገበሬው መግዣ ገንዘብ ጠፋ ማለት ነው። ይህን ነገር ተማሪ ሁሉ ቢያጠናው እወዳለሁ፤ «ዝናብ ስለ ጠፋ ሰው አለቀ» የሚለው አጭር መልስ ግማሹን ብቻ ይናገራልና።

በዚያው ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ላይ ለሕዝብ አሳዩ። ቀጥሎም እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው «ያልታወቀው ረኀብ» የተባለው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ከብዙ አገሮች ርዳታ መጣ። እስከዚህ ድረስ ሥዕሉ የተባለለትን ሥራ ሠራ።

ከዓመት በኋላ ግን ሌላ ሥራ ተሰጠው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዲስ ዓመት ማታ፥ ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ግብዣና ሠርግ፥ ንጉሠ ነገሥቱም ውሾቻቸውን ሥጋ ከሚያበሉበት ሥዕል ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ምክር ቤቱም ተበተነ። ያን ማታ ፊልሙን ያየው ቴሌቪዥን ያለው የከተማ ሰው ነው። በፊልሙ ውስጥ ያሉት ግን ፊታቸው ለመንግሥት ለውጥ መቀስቀሻ መዋሉን ማንም አልጠየቃቸውም፤ አብዛኞቹም ሰምተው ያውቁ ነበር ለማለት ያስቸግራል። በእኔ አስተያየት በኢትዮጵያ ታሪክ ከዚህ የበረታ የቅስቀሳ ሥዕል የለም።

ሥዕሉን የተጠቀመበትም መንግሥት በሥዕል ተያዘ። በ1977 ዓ.ም. መስከረም ላይ ደርግ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር የማርክስ፥ የኤንግልስና የሌኒን ምስል በአዲስ አበባ አደባባይ ላይ ቆሞ ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ፥ ጥቅምት 13 ቀን፥ መሐመድ አሚን ከቆቦ በስተ ሰሜን በደጋው ጫፍ ከምትገኘው ከኮረም ያነሣው ፊልም በቢቢሲ ታየና ዓለም ስለ ሌላው ረኀብ ሰማ።

እነዚህ ሥዕሎች በሸራ ላይ ቢታተሙ የሚጎላው ብርድ ልብሱና የከሳው ፊት ነው። የተሸጠው በሬ፥ ከምሥራቅ በኩል የሚታየው የዞብል ተራራ፥ ድርቁ ሳይመጣ ቆሞ የነበረው ማሽላ በውስጡ የለም። ስምም የለበትም፤ የፎቶግራፍ አንሺዎቹን ስም ዓለም ሁሉ ሲያውቅ የተነሡት «የወሎ ረኀብተኛ» ተብለው ቀርተዋል። በ1966 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ የነበረ የቆቦ ሰው ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ነው፤ በዚያ መንገድ ዳር ከማን ጎን ተቀምጦ እንደ ነበር በስም ሊነግረን ይችላል።