ማን በማን ደጅ ገባ?

ልጅ ሳለሁ በታች ጋይንት፣ በእኛ ቀበሌ፣ የጎረቤታችን በሬ ልጅ ወጋ። ልጁ የጨርቅ ኳሱ በረት ውስጥ ገብታበት አጥሩን ዘሎ ገባ፤ በሬው ጭኑን ቀደደው። አባትየው መጥረቢያውን ይዞ መጣ። «ይሄ በሬ ዛሬውኑ ካልታረደ ሰው አይደለሁም!» አለ። ማን ይፈርድበታል? ደም የሚፈሰው የልጁ ነው።

ሽማግሎች ወይራ ሥር ተቀመጡ። የጠየቁት ሦስት ነገር ነበር፤ ልጁ የተወጋው የት ነው? በሬው ከዚህ በፊት ሰው ወግቶ ያውቃል ወይ? የበረቱን አጥር ሳያጠብቅ የተወው ማን ነው? በመጨረሻ ባለቤቱ ልጁን እንዲያሳክም፣ የበሬውን የቀንድ ጫፍ እንዲቆርጥና አጥሩን እንዲያጠብቅ ተፈረደበት። በሬው ተማረ። ባለቤቱ ባለ አንድ በሬ ነበር፤ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር በመቀናጆ ያርሳል። ያ በሬ ቢታረድ ሁለት ቤት ጦሙን ያድር ነበር። አንድ ሽማግሌ ወደ አባትየው ዞር ብለው፦ «ልጄ፣ በሬው እቤትህ መጥቶ አልወጋብህም» ሲሏቸው እሰማለሁ። አባትየው መጥረቢያውን አስቀመጠ፤ አልቅሶ ነው ያስቀመጠው።

ይህ ነገር ትዝ ያለኝ አዲስ አበባ ገብቼ፣ ከስድስት ኪሎ ካምፓስ ጥቂት እርምጃ ርቆ ያለውን አንበሳ ግቢ ሳይ ነው። ሰው በአውሬ አጥር ገብቶ ጉዳት ሲደርስ አውሬው ይገደል ወይስ ይማር? ጥያቄው የፈረንጅ ብቻ ይመስለናል፤ አይደለም። እኛም የቆየ ታሪክ አለን።

ከኦሪት እንጀምር። ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ሰው ወግቶ የገደለ በሬ በድንጋይ እንዲወገር፣ ሥጋውም እንዳይበላ ያዛል፤ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮት ካልጠበቀው ግን ባለቤቱም በሞት ይጠየቃል። እንግዲህ ሕጉ በሬውን አይምርም፤ ቢሆንም ዓይኑን ከበሬው ወደ ጠባቂው ማዞር የጀመረው ያኔ ነው።

በአገራችን ደግሞ አንበሳ መግደል ትልቅ ግዳይ ነበር። የገደለ ጎፈሩን ደፍቶ ይፎክራል፤ በንጉሥና በመኳንንት ፊት ይከበራል። በሌላ ወገን ግን በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ አንበሳና ነብር ከበዋቸው፣ አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ በአንበሳ ተቀምጠው እናያለን። ያው ገበሬ በዘመቻ ጎፈር ይመኛል፤ በበዓል ቀን አንበሳው ለጻድቁ ሲታዘዝ አይቶ ይሳለማል። ሁለቱም የእኛ ናቸው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሁለቱን አንድ ላይ አደረጓቸው። በ1855 ዓ.ም. ግድም እዚህ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል ሌዣን የጻፈው ጽሑፍ በአገሩ ሲታተም፣ ንጉሡ በለማዳ አንበሶች ተከበው እንግዳ ሲቀበሉ የሚያሳይ ሥዕል አብሮ ወጣ። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል እየጎተቱ በጋይንት ምድር ወደ መቅደላ አለፉ። አንበሳ ከዚያ ወዲህም የዙፋን ምልክት ሆኖ ቆየ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. ግድም የስድስት ኪሎውን ግቢ አቋቋሙ፤ ዘሩ የተጀመረው በአምስት ወንዶችና በሁለት ሴቶች እንደሆነ ይነገራል። ዙፋኑ በ1967 ዓ.ም. ሲያልፍ አንበሶቹ ቀሩ።

አሁን ወደ ውጭ አገር ብቅ እንበል። ግንቦት 13 ቀን 2008 ዓ.ም. በቺሊ ዋና ከተማ በሳንትያጎ አንድ ሰው በፈቃዱ አንበሶች ክልል ገባ፤ እሱን ለማዳን ሁለት አንበሶች ተገደሉ። በሳምንቱ፣ ግንቦት 20 ቀን፣ በአሜሪካ ሲንሲናቲ የ3 ዓመት ሕፃን ጎሪላዎች ካሉበት ጉድጓድ ወደቀ። ሐራምቤ የተባለው የ17 ዓመት ጎሪላ ልጁን በውኃው ውስጥ ጎተተው፤ በጥይት ተገደለ። ለምን በማደንዘዣ አልተመታም? ማደንዘዣ ለመያዝ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ መርፌው ሲወጋው ደግሞ እንስሳው ሊቆጣ ይችላል። ልጁ በእጁ ነበር። እኔ እዚያ ብኖር «አትተኩሱ» እል ነበር ወይ? እንጃ።

የተማሩም አሉ። ነሐሴ 25 ቀን 1978 ዓ.ም. በጀርዚ ደሴት የ5 ዓመት ልጅ ወድቆ ራሱን ሲስት ጃምቦ የተባለው ጎሪላ አጠገቡ ቆሞ ጠበቀው እንጂ አልጎዳውም። መስከረም 2005 በኒውዮርክ አንድ ሰው ወደ እስያ ነብር ክልል ዘሎ ገብቶ ቆሰለ፤ ሰውየው ተረፈ፣ ነብሩም አልተነካ። መስከረም 2007 ደግሞ በዴልሂ ነጩ ነብር ቪጃይ ክልሉ የገባውን ወጣት ገደለ፤ ቢሆንም ተማረ። ሟቹን የሚመልስ ነገር የለም፤ ነብሩም ከአጥሩ አልወጣም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የሰው ነፍስ ገና በጥፍር ውስጥ ሳለ መተኮስ ማዳን ነው። ነገሩ ካለፈ በኋላ መግደል ግን በቀል ነው፤ በቀሉም አጥሩን ላላጠበቀው ሰው መሸሸጊያ ይሆናል። በስድስት ኪሎም ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ጠባቂ ለጽዳት ገብቶ በአንበሳ ሕይወቱን አጥቷል። ምክንያቱ የውስጡ በር ሳይዘጋ መቅረቱ እንደሆነ ተነገረ። በር ነው እንግዲህ! የጋይንት ሽማግሎች የጠየቁት ይህንኑ አልነበረም?

ግን፣ ጓደኞቼ፣ የእኛ አገር ታሪክ ከዚህ የባሰ ገጽ አለው። ኅዳር 1999 ዓ.ም. የግቢው አስተዳደር ለውጭ የዜና ማሰራጫዎች እንደተናገረው፣ ቦታና ገንዘብ ስላነሰ የአንበሳ ግልገሎች በመርዝ ይገደሉ፣ ሬሳቸውም ቆዳ ለሚሞሉ ይሸጥ ነበር። እነዚህ ማንን ነከሱ? ማን ደጃቸው ገባ? ስድስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2005 ዓ.ም. መግቢያ፣ ከዚያው ግቢ 15 አንበሶችን የመረመሩ ሊቃውንት ዘራቸው ከሌላው አንበሳ የተለየ መሆኑን አሳተሙ። ብር ላይ የሳልነውን፣ በሐውልት ያቆምነውን በጓዳ ስንመርዘው ኖረናል ማለት ነው።

ስለዚህ ምሕረት ማለት ጥይቱን አለመተኮስ ብቻ አይመስለኝም። አጥር ማጥበቅ፣ በር መዝጋት፣ ለጠባቂው ደኅና ደመወዝና ረዳት መስጠት፣ ለአውሬው ሰፊ ቦታ መፈለግ ነው። አውሬውን ከዱር አምጥተን ያሰርነው እኛ ነን፤ ደጁን የሠራንለትም እኛው።

ያ በሬ ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት አረሰ። የተወጋው ልጅ ዛሬም ትንሽ ያነክሳል። ኋላ ካደገ በዚያው በሬ ሲያርስ አይቼዋለሁ።