ከባለሦስት አውታር ሞዴል ወደ ጠፍጣፋ ንድፍ
ርእሳችን በኮምፒውተር የተሠራን ባለሦስት አውታር ሞዴል እየታረመ ሊሠራበት ወደሚችል ባለሁለት አውታር ንድፍ የመለወጥ ሥራ ነው። አውቶካድ በተባለው የንድፍ ሶፍትዌር «ፍላትሾት» የተባለው ትእዛዝ ሞዴሉን ከተመረጠው እይታ ወደ መስመሮች ያወርደዋል፤ ውጤቱ በአንድ ብሎክ ስለሚታሰር «ኤክስፕሎድ» ተደርጎ ይፈታል። ያኔ እያንዳንዱ መስመር ሊሰረዝ፣ ሊረዝም፣ ሊለካ ይችላል።

የዚህ ሥራ ግሩም ምሳሌ ላሊበላ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸውና የግንባታ ፕላን አልተረፈላቸውም። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት በሌዘር ቀርጾ ሞዴላቸውን ሠርቷል። እንዲህ ያለ ሞዴል በአግድም ሲቆረጥ የወለል ፕላን፣ በቁም ሲቆረጥ ሴክሽን ይወጣዋል። ከባዱ ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ነው፦ የጠራቢውን መስመር ዝናብ ከሸረሸረው መለየት። ይህን የሚወስነው ሶፍትዌሩ ሳይሆን ሕንጻውን የሚያውቅ የሰው ዓይን ነው።