ዳሽቦርድ ከተቀየረ በኋላ የኤርባግ መብራት አልጠፋ ሲል ምን እናድርግ?

ኪሎ ሜትር ማሳያው ስለተበላሸ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ዳሽቦርድ ገዝታችሁ አስገጠማችሁ እንበል። ፍጥነቱ ይሰራል፣ ነዳጁም ይታያል። ግን የተቀመጠ ሰውና ከፊቱ ክብ ነገር ያለበት መብራት በርቶ ቀረ። ይሄ የኤርባግ መብራት ነው።

"አምፖሏን ነቅዬ ልገላግልህ" የሚል ሰው አይጠፋም። እሺ እንዳትሉ! መብራቱ በርቶ ከቀረ ሲስተሙ ችግር አግኝቷል ማለት ነው፤ ግጭት ቢፈጠር ኤርባጉ ላይከፈት ይችላል። አምፖሉን መንቀል ችግሩን አይፈታም፣ ይደብቃል እንጂ።

መጀመሪያ ይሄን ሞክሩ

ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉና መብራቱን ተመልከቱ።

👉 በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ከጠፋ (ብዙ ቶዮታዎች ላይ 6 ሰከንድ ገደማ) ጤነኛ ነው።
👉 በርቶ ከቀረ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ ኮምፒውተሩ ስህተት መዝግቧል።
👉 ጭራሽ ካልበራ ይሄ የባሰ ነው። አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ሰው ነቅሎታል፣ ወይም ዳሽቦርዱ ከመኪናው ጋር አይግባባም።

ለምን ይበራል?

1. ዳሽቦርዱ ተነቅሎ ሳለ ቁልፍ ተከፍቶ ከነበረ። የኤርባግ ኮምፒውተሩ መብራቱን ሲያጣ ስህተት ይመዘግባል። ብዙ መኪኖች ላይ ዳሽቦርዱ ቢመለስም ኮዱ በስካነር ካልጠፋ መብራቱ አይጠፋም።

2. ሶኬት በደንብ ካልገባ ወይም ፊውዝ ከተቃጠለ።

3. መሪው ወልቆ ከነበረ። ከመሪው ጀርባ ያለው ጠመዝማዛ ገመድ (ስፓይራል ኬብል) ያለቦታው ከተገጠመ ይበጠሳል። ክላክሱም አብሮ መስራት ካቆመ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

4. ዳሽቦርዱ የሌላ ሞዴል ከሆነ። ቅርጹ አንድ ስለሆነ ብቻ አይገጥምም። ከጀርባው ያለውን የዕቃ ቁጥር ከድሮው ጋር አስተያዩ።

5. ችግሩ ድሮም ከነበረ። የድሮው ዳሽቦርድ አምፖል ቀድሞ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ያኔ አዲሱ ዳሽቦርድ አልተበላሸም፤ የዋሸው አሮጌው ነው።

እንዴት ይስተካከላል?

✅ ማንኛውም ሶኬት ከመነካቱ በፊት ቁልፉን አጥፍታችሁ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ ይላል፤ ሲስተሙ ውስጥ የቀረ ኃይል ኤርባጉን ሊያፈነዳ ስለሚችል ነው።

✅ የዳሽቦርዱን ሶኬቶችና ፊውዙን አረጋግጡ። ቢጫ ሶኬቶች የኤርባግ ናቸው፤ በቴስተር ወይም በአምፖል አትሞክሯቸው። እነሱን ለባለሙያ ተዉ።

✅ ኮዱን አስነብቡ። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኙት ርካሽ ስካነሮች አብዛኞቹ የሚያነቡት የሞተር ኮድ ብቻ ነው። የኤርባግ ኮድ ብዙውን ጊዜ በ"ቢ" ፊደል ይጀምራል፤ እሱን የሚያነብ ስካነር ያለው ጋራዥ ፈልጉ።

✅ ኮዱ ከመጥፋቱ በፊት ፎቶ አንሱት። ጠፍቶ ካልተመለሰ ከቅያሪው የተረፈ ነበር። ከተመለሰ ግን እውነተኛ ብልሽት አለ።

ሌሎች መብራቶችስ?

የዘይት ቀይ መብራት ሞተር እየሰራ ከበራ ወዲያው ሞተር አጥፉ፤ "ዳሽቦርዱ ነው" ብላችሁ አትንዱ። የቆዩ መኪኖች ላይ ደግሞ የባትሪ መብራት አምፖል ከሌለ ዲናሞው ቻርጅ ላያደርግ ይችላል። መኪናው ተነስቶ ወዲያው ከጠፋ የቁልፍ ጥበቃው (ኢሞቢላይዘር) አዲሱን ዳሽቦርድ አላወቀውም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ጎልፍ 4 ላይ ኢሞቢላይዘሩ ያለው እዛው ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ከሆነም ቁልፉን ኦን አድርጋችሁ የኤርባግ መብራቱ በርቶ መጥፋቱን እዩ። ካልበራ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

መኪና ሊገዛ ላሰበ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።