የካንሰር መቀስ፦ መልኩ ታየ፣ ሥራው ሳይታወቅ ቀረ

የእንቁራሪት ግልገል ስታድግ ጭራዋ የት ይገባል? ጀሮም ግሮስ እና ሻርል ላፒዬር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1962 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መልሱን አሳተሙ። ጭራውን የሚያፈርሰው ኮላጅንን የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው። ኮላጅን ቆዳችንን፣ ጅማታችንንና አጥንታችንን አያይዞ የሚያቆም ፕሮቲን ነው። ቆራጩ ኮላጅኔዝ ተባለ። በሰውም ተገኘ፤ ዘመዶቹ ሲቆጠሩ ከ20 በላይ ሆኑ።

የካንሰር ተመራማሪዎች ጆሯቸውን ያቆሙት ለዚህ ነው። ካንሰር ከበቀለበት ወጥቶ ሳንባ ወይም ጉበት ለመድረስ አጥር መጣስ አለበት። በብዙ እጢዎች ዙሪያ ደግሞ እነዚህ ቆራጮች በብዛት ታዩ። መቀሱን ያዘው፣ ካንሰሩ ባለበት ይቀራል! ሐሳቡ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ለመያዝ ግን መልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። ኢንዛይሙ እንደ ጨው ክሪስታል እንዲሠራ ተደርጎ ኤክስሬይ ይለቀቅበታል፤ ከጨረሩ አበታተን እያንዳንዱ አቶም የት እንዳለ ይሰላል። በ1994 የተለያዩ ቡድኖች የሰውን ኮላጅኔዝ መልክ በዚህ መንገድ አሳተሙ። በአካሉ ላይ ስንጥቅ አለ፤ በስንጥቁ ውስጥ በሦስት ሂስቲዲኖች የተያዘ አንድ ዚንክ። የሚቆርጠው እዚያ ጋ ነው። ዚንኩን የሚቆልፍ ኬሚካልም እዚያው ተሰክቶ ታየ።

ገንዘቡም ጎረፈ። ኦክስፎርድ የነበረው ብሪቲሽ ባዮቴክ ማሪማስታት የተባለ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ይዞ ቀረበ፤ አክሲዮኑ በ1996 ሰማይ ነካ። በ1998 የኩባንያው የክሊኒክ ምርምር ኃላፊ አንድሩ ሚላር ጥርጣሬውን ለባለአክሲዮኖች በመናገሩ ተባረረ፤ ጉዳዩ የብሪታንያ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀረበ።

በ1999 ውጤቱ ወጣ። ማሪማስታት ለቆሽት ካንሰር ከነባሩ መድኃኒት የተሻለ አልሆነም፤ ብዙ ታካሚዎችም በጡንቻና በመገጣጠሚያ ሕመም ተሠቃዩ። በዚያው ዓመት ባየር የራሱን ተመሳሳይ መድኃኒት ሙከራ አቋረጠ። በአንድ ዓይነት የሳንባ ካንሰር፣ መድኃኒቱን የወሰዱት የማስመሰያውን ክኒን ከወሰዱት ይልቅ ብሶባቸው ነበር።

ጥፋቱን በክሪስታሉ ላይ የሚያላክኩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሥዕሉ ትክክል ነበር። ችግሩ ስንጥቁ በዘመዳሞቹ ሁሉ መመሳሰሉ ነው፤ አንዱን የቆለፈ ሌላውንም ቆለፈ። ደግሞስ መዛመትን ይከላከላል የተባለ መድኃኒት የተሞከረው ካንሰራቸው አስቀድሞ በተዛመተባቸው ሰዎች ላይ ነበር። ሌብነት ካለፈ በኋላ በር መዝጋት በሉት።

በ2003 የስፔን ተመራማሪዎች ከእነዚህ ቆራጮች አንዱ የሌላቸውን አይጦች አሳደጉ። ወንዶቹ አይጦች ከሌሎቹ ይበልጥ በቆዳ ካንሰር ተጠቁ። ያ ቆራጭ ለካ ጠባቂያቸው ኖሯል።