የሣር ማጨጃ ማሽን

የሣር ማጨጃ ማሽን በግቢ፣ በመናፈሻና በስፖርት ሜዳ ላይ ያለን ሣር በእኩል ቁመት የሚቆርጥ መሣሪያ ነው። በቤንዚን ሞተር፣ በኤሌክትሪክ ወይም በሰው ጉልበት ይሠራል። ይህ ጽሑፍ የማሽኑን አሠራርና ጥገና፣ እንዲሁም እንደ ካራና እንጦጦ ባሉ የአዲስ አበባ ከፍተኛ ቦታዎች የሚያስፈልገውን የሣር እንክብካቤ ያብራራል።

ታሪክ

ማሽኑ ከመፈልሰፉ በፊት ሣር የሚታጨደው በእጅ መሣሪያ ነበር፤ በኢትዮጵያ ማጭድ ዛሬም ለእህልም ለሣርም ያገለግላል። የመጀመሪያውን ማሽን የፈለሰፈው እንግሊዛዊው ኤድዊን ባዲንግ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1830 ነው። ሐሳቡን የወሰደው በፋብሪካ ውስጥ የሱፍ ጨርቅን ገጽ ከሚከረክም መሣሪያ ነበር።

ዓይነቶች

ባለ ጥቅል ስለት ማሽን ሣሩን በቋሚ ብረት ላይ አስደግፎ እንደ መቀስ ይቆርጣል። ባለ ተሽከርካሪ ስለት ማሽን ደግሞ ከክዳኑ ሥር በአግድም በሚዞር ብረት ሣሩን መትቶ ይቆርጣል። በትከሻ የሚንጠለጠለው መቁረጫ በናይለን ክር ወይም በብረት ስለት የሚሠራ ሲሆን፣ ለአጥር ሥር፣ ለቦይ ዳርና ማሽን ለማይገፋበት ተዳፋት ይመረጣል።

የአደጋ ምንጮች

በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ስለት ጫፉ በሰከንድ 78 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም በሰዓት ከ280 ኪሎ ሜትር ጋር እኩል ነው። በዚህ ፍጥነት የተመታ ጠጠር ወይም ሚስማር ርቆ ሄዶ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሜዳው በእግር ተዞሮ ይለቀማል። ግንባታ በቅርቡ በተጠናቀቀባቸው ግቢዎች ሚስማር፣ የማሰሪያ ሽቦና የፌሮ ቁርጥራጭ በሣሩ ውስጥ ተሸሽጎ ሊገኝ ይችላል። በባሕር ዛፍ አቅራቢያ ደግሞ የወደቀ ቅርንጫፍና ፍሬ ይነሣል። የሚሠራው ሰው ጠንካራ ጫማ፣ ረጅም ሱሪና መከላከያ መነጽር ያደርጋል፤ ልጆችና እንስሳት ከአካባቢው ይርቃሉ።

ሞተሩ ሲጠፋ ስለቱ ወዲያውኑ ላይቆም ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በእግር እየተገፉ ለሚሠሩ ማሽኖች የወጣው ደንብ፣ ሠራተኛው እጀታውን በለቀቀ በ3 ሰከንድ ውስጥ ስለቱ እንዲቆም ያዝዛል። ይህን መቆጣጠሪያ እጅ እንዳይደክም ብሎ በሽቦ ወይም በገመድ ማሰር የማሽኑን ዋና መከላከያ ማስወገድ ነው። በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማሽን ላይ አደጋው ይብሳል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ መቆጣጠሪያው የታሰረ ማሽን ማንም ሳይነካው ሊነሣ ይችላል። በመሆኑም መብራት በሄደ ቁጥር ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል።

በተዳፋት ላይ በእግር የሚገፋ ማሽን ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ይነዳል፤ ሰውየው ቢንሸራተት እግሩ ከስለቱ ሥር እንዳይገባ ነው። በወንበር ላይ ተቀምጠው የሚነዱት ማሽን ግን እንዳይገለበጥ ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ማሽንን ወደ ራስ እየሳቡ ማጨድ በሁለቱም ሁኔታ አይመከርም።

የአምራቾች መመሪያ ብዙ ጊዜ በውጭ ቋንቋ የሚጻፍ ሲሆን፣ ማሽኑን የሚይዘው ደግሞ መመሪያው ያልደረሰው አትክልተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እነዚህን ደንቦች በቃል ማስረዳትና መነጽርና ጫማ ማቅረብ የአሠሪው ድርሻ ነው።

ጥገና

ማንኛውም ጥገና የሚጀምረው ማሽኑ በራሱ ሊነሣ የማይችል መሆኑን በማረጋገጥ ነው። በቤንዚን ሞተር ላይ የካንዴላው ገመድ ተነቅሎ ከካንዴላው ይርቃል፤ በኤሌክትሪክ ማሽን ላይ ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል፤ በባትሪ ማሽን ላይ ባትሪው ይወጣል። ሞተሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ የተጣበቀ ሣር ለማስለቀቅ ስለቱን በእጅ ማዞር ሞተሩንም ስለሚያዞረው ሊያስነሣው ይችላል።

ማሽኑ ሲጋደም የአየር ፊልትሮውና ካርቡሬተሩ ያሉበት ጎን ወደ ላይ ይሆናል፤ አለበለዚያ ዘይት ወደ ፊልትሮው ይፈሳል። ስለቱ በወፍራም ጓንት ተፈትቶ በሞርሳ ይያዝና የቀድሞ ማዕዘኑን ጠብቆ በሞረድ ይሳላል። ከዚያም መሐል ቀዳዳው በሚስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ አንደኛው ጎን ካዘቀዘቀ የከበደው ወገን ጥቂት ይሞረዳል፤ ያልተመጣጠነ ስለት ማሽኑን ስለሚያንቀጠቅጥ ብሎኖችን ያላላል። የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ ስለት ይለወጣል እንጂ በብየዳ አይጠገንም።

ዘይት የሚለወጥበት ጊዜ በአምራቹ መመሪያ ይወሰናል፤ መጠኑ ግን ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ይታያል። ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚሞላባቸው ሞተሮች ትክክለኛውን ድርሻ ይፈልጋሉ። ቤንዚን የሚሞላው ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከቤት ውጭ ነው፤ የጋለ ማርሚታ ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ሊቀጣጠል ይችላል። የተረፈው በተገቢ መያዣ ተከድኖ ከከሰል ምድጃ፣ ከምጣድና ከማንኛውም እሳት ርቆ ይቀመጣል። የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ገዳይ በመሆኑ ሞተሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይነሣም።

የከፍታ ተጽዕኖ

ካራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ሲሆን፣ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በ2,400 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡሬተሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ከሆነ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጉልበቱም ይደክማል። አምራቾች ለከፍታ ቦታ ቤንዚን የሚያሳልፈው ቀዳዳ የጠበበ ክፍል ያቀርባሉ። ይህ ከተደረገም በኋላ ሞተሩ የባሕር ጠረፍ ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ አይመልስም፤ ስለዚህ ረጅም ሣር በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ዙር ይታጨዳል።

የሣር እንክብካቤ

በኢትዮጵያ ደጋ በስፋት የሚታወቀው ሰርዶ በመሬት ላይ እየተሳበ የሚያድግ፣ መረገጥንና አጭር አጨዳን የሚችል ሣር ነው። የኪኩዩ ሣርም የትውልድ ስፍራው ኢትዮጵያን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ ቦታ ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ አገሮች ለሜዳ ይተከላል። በአንድ አጨዳ ከሣሩ ቁመት ከሲሶ በላይ መቁረጥ ሥሩን ያዳክማል፤ ሜዳው 4 ሳንቲ ሜትር ሆኖ እንዲቀር ከተፈለገ 6 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ይታጨዳል። የዶለዶመ ስለት ሣሩን ስለሚቀድደው ጫፉ ይደርቃል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የክረምት ዝናብ ሣሩ ፈጥኖ ስለሚያድግ አጨዳው ይደጋገማል። እርጥብ ሣር ያንሸራትታል፣ ከክዳኑ ሥርም ይጣበቃል፤ ስለዚህ ጤዛው እስኪደርቅ ተጠብቆ ከከሰዓቱ ዝናብ በፊት ይሠራል። የረጠበ መረሬ አፈር በመንኮራኩር ስለሚጠቀጠቅ ጠፈፍ እስኪል ይተዋል። በጥቃቅኑ የተቆረጠ ሣር በሜዳው ላይ ቢቀር ናይትሮጂን ለአፈሩ ይመልሳል።

በበጋ፣ በተለይ ውርጭ በሚወርድባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች፣ የአጨዳው ቁመት ከፍ ይደረጋል። ውኃ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት ይልቅ ቀናት እያሳለፉ ጠዋት በደንብ ማጠጣት ሥሩ ወደ ታች እንዲወርድ ያደርጋል። በባሕር ዛፍ ሥር ሣር በደንብ አይበቅልም፤ ዛፉ ውኃውን ይሻማል፣ የሚረግፈው ቅጠልም መሬቱን ይሸፍናል።

ማሽኑ ለሳምንታት የማይሠራ ከሆነ ቤንዚኑ ይወጣል ወይም ሞተሩ እስኪጨርሰው ከቤት ውጭ ይነሣል፤ የቆየ ቤንዚን ካርቡሬተሩን ይደፍናል። ከዚያም የካንዴላው ገመድ ተነቅሎ፣ ክዳኑ ከሥር ተጠርጎ፣ ማሽኑ ደረቅ ቦታ ይቀመጣል።